አያ ንብረትን ከአንደኝነት ማውረድ

የሺዋስ ሥራው ምንድን ነው ብላችሁ ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ውስጥ ብትጠይቁ ደህና አድርጎ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። የወለደችው እናቱ እንኳ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብላ ወሬ ትቀይራለች። ጎረቤቶቹ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚያዩት ሥራ ነው ብሎ ለመጥራትም ያመነታሉ። እሱ ራሱ ለማስረዳት ሞክሮ ሞክሮ ሰልችቶት ትቶታል። እኔ ግን ልሞክር፤ አለዚያ የገባበት ጭንቅ አይገባችሁም።

አንድ ሰው፣ እንበል ከጀርመን ወይ ከአዲስ አበባ፣ ለጥምቀት ጎንደር መምጣት ያምረዋል። ስልኩን ያወጣና ጉግል ላይ ጥቂት ቃላት ይጽፋል። ጉግል ደግሞ መልሱን ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ይሰጠዋል። ሰው መቼም ሰነፍ ነው፤ ከላይ ያሉትን ሁለት ሦስቱን ይነካና የቀረውን ዞር ብሎ አያየውም። የየሺዋስ ሥራ የእትዬ እታገኘሁን የእንግዳ ማረፊያ ከእነዚያ ከላይኞቹ አንዱ ማድረግ ነው። ለዚህም ሰዎች የሚጽፏቸውን ቃላት እያነሣ ይመዝናል፤ ስንት ሰው ይፈልጋቸዋል፣ እነማን ይዘዋቸዋል፣ የያዟቸውስ ምን ያህል ብርቱ ናቸው እያለ። ብርቱ የተቀመጠበትን ቃል ይተዋል፤ ደካማ የተቀመጠበትን ይመርጥና እሱን ለመቅደም ይነሣል። ሥራው ይኸው ነው። ሲያወሩት ይቀላል።

ድሮ አስጎብኚ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፋሲል ግንብ በር ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ኖሯል። በኋላ በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ አስፈራ፣ ኢንተርኔቱም ወራት ጠፍቶ ከረመ፤ እንግዳ የሚባል ነገር ከከተማው ተነቀለ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ እሱም እንደ ሌሎቹ ባጃጅ ልንዳ አላለም። በስልኩ ትምህርት ጀመረ፤ መጀመሪያ የራሱን እንግዳ ለማግኘት ነበር፤ ከዚያ እትዬ እታገኘሁ ሰምተው ቀጠሩት።

እትዬ እታገኘሁ ከነርስነት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከፋሲል መዋኛ ከፍ ብሎ ባለው ግቢያቸው ዘጠኝ ክፍል አላቸው፤ ከሰገነቱ ሆነህ ታቦታቱ ሲወርዱ ታያለህ። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰባቱን ሠራተኞች ሰብስበው ነገሩን ነገሯቸው። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ግቢውን ሙሉ ለመጋዘንና ለቢሮ በረጅም ውል ሊከራየው ፈልጓል፤ መልሳቸውን የሚፈልገው በገና ማግስት ነው። እሳቸውም ሸምግለዋል፤ ባዶ አልጋ እያነጠፉና እያነሡ መኖር ታክቷቸዋል። እስከ ገና ዋዜማ ለጥምቀት አምስት ክፍል ከተያዘ ቤቱ ባለበት ይቀጥላል፤ ካልተያዘ ሰሊጥ ይገባበታል። ይህን ሲሉ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ሠራተኞቹን ያስደነገጣቸውም ይኸው ነው። ቢቆጡ ኖሮ ይበርድላቸዋል ይባል ነበር።

ሁሉም፣ ወጥ ቤቷም ዘበኛውም ሳይቀሩ፣ ዞር ብለው የሺዋስን አዩት። እንግዳ ተቀባይዋ ሚስጥር ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ከሁሉ አብልጣ ያየችው እሷ ናት። 

በማግስቱ ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። ደብተር አወጣ፤ ኮምፒውተር ቢኖረውም የሚያስበው በእስክሪፕቶ ነው። መጀመሪያ «የጎንደር ሆቴሎች» የሚለውን አነሣ። የሚፈልገው ሰው ብዛቱ ደስ ይላል፤ የያዙትን ሲያይ ግን ደስታው ጠፋ፤ የዓለምን አልጋ ሁሉ የሚሸጡ ግዙፍ ድረ ገጾች ከላይ እስከ ታች ተኮልኩለውበታል። እነሱን ልቅደም ማለት ዕብደት ነው። «ጥምቀት በጎንደር» የሚለውን ሞከረ፤ ዜና አውታሮችና የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅቶች ይዘውታል። ከዚያ ወደ ትንንሾቹ ወረደ። «ቀሐ አጠገብ ንጹሕ አልጋ» የሚለውን ማንም አልያዘውም፤ ማንም ስለማይፈልገው ነዋ! እንዲህ ነው ይኼ ሥራ፤ ሰው ያለበት ቦታ ቦታ የለም፣ ቦታ ያለበት ሰው የለም።

የሚመዝንበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ከላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ እየከፈተ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ስንት ዋስ አለው? ሌላ ድረ ገጽ «ወደዚህ ሂዱ» ብሎ ከጠቆመለት ጉግል ዘንድ ዋስ እንደጠራ ይቆጠርለታል፤ ዋሱ የታወቀና የተከበረ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይታመናል። ይህን ሲማር ከሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ ቀድሞ የገባው እሱ ነው፤ ሰው ያለ ዋስ የትም እንደማይደርስ ለጎንደር ልጅ ማን ያስተምረዋል! ሁለተኛ፣ መቼ ነው የተጻፈው፣ ከዚያስ ወዲህ የነካው አለ? ሦስተኛ፣ ሰውየው የጠየቀውን በትክክል ይመልሳል ወይስ ዳር ዳሩን ይዞራል? ለእያንዳንዱ ገጽ ከአሥር ነጥብ ይሰጥና ከጎኑ ይጽፋል። እስከ አምስት ያገኘውን ይቀድመዋል፤ ከሰባት በላይ ያለውን አይጠጋውም።

እንዲህ እያለ ዘጠኝ ቀን አለቀ። ምግብ አልበላ አለው፤ የሚስጥር ልጆች ከትምህርት ቤት ወደ እናታቸው ሲመጡ እያየ ራሱን ይወቅሳል። ኅዳር ጽዮን ጠዋት ግን አገኛት። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ጥምቀትን በጎንደር ከቤተሰብ ጋር ማክበር» የምትል ቃል ናት። ታኅሣሥ ሲገባ በወር መቶ አርባ ሰው ይጽፋታል። መቶ አርባ ብዙ አይባልም፤ ግን መቶ አርባው ሁሉ መምጣት የቆረጠ ሰው ነው፤ ሆቴል ሳይሆን ሰው የሚፈልግ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መዘነ፤ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። ኧረ ምን ዓይነት ዕድል ነው! አንደኛው ብቻ ቀረው። ከፈተው።

የአያ ንብረት ገጽ ነበር።

አያ ንብረት ማን መሰላችሁ? የሺዋስን አስጎብኚነት ያስተማረው ሰው ነው። እንግሊዝኛውን፣ የነገሥታቱን ተራ፣ እንግዳ ሲደክመው እንዴት እንደሚታወቅ፣ ሁሉንም ከእሱ ነው የተማረው። በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ግን እንደ ታላቅ ወንድም እንጂ እንደ አለቃ ሆኖበት አያውቅም። በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ጥቂት እንግዶች ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ ካለው ቤቱ ወስዶ ከሚስቱ ከሸጋዬ ጋር ያስተናግድ ነበር፤ ገጹም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ ዐረፈ። ገጹን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ከሚገኝ ኢንተርኔት ቤት፣ አያ ንብረት ቆሞ እየተናገረ፣ ቁጭ ብሎ የጻፈው የሺዋስ ራሱ ነበር። በሕይወቱ የጻፈው የመጀመሪያ ገጽ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አያ ንብረት ብቻ ስለነበር ከሞተ ወዲያ የነካው የለም፤ ፎቶዎቹ ግማሾቹ አይከፈቱም፣ ከታች ያለው ስልክ የወለቃው ስልክ ነው።

መዘነው። ዋስ፣ ሁለት። ዕድሜ፣ ዘጠኝ ዓመት፤ ሁለቱን ማንም ሳይነካው የኖረ። መልሱ ግን ቀጥ ያለ፣ ከልብ የተጻፈ። ከአሥር አራት ሰጠው። አራት ማለት በሦስት ሳምንት የሚቀደም ማለት ነው።

አሁን የግንቡን በር ሕግ ልንገራችሁ። እዚያ አስጎብኚዎች በተራ ነው የሚሠሩት። እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰ ይወስደዋል፤ እንግዳው ቆንጆ ቢሆን፣ ገንዘብ ያለው ቢሆን፣ አንተን ቢወድህ እንኳ ተራህ ካልሆነ ዞር ትላለህ። ተራ የሰበረ ሰው ወር ሙሉ የሚያናግረው የለም። ያን ሕግ ያወጣው፣ የተራውንም ደብተር በብብቱ ይዞ የሚዞረው አያ ንብረት ነበር። የሺዋስ በጀማሪነቱ አንድ ጊዜ የሌላ ሰው እንግዳ ጠርቶ በሰው ፊት የሰማውን ተግሣጽ ዛሬም ሲያስታውሰው ፊቱ ይቀላል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንደኛ የተቀመጠው። በዚያ ስልክ ደግሞ ምናልባት እትዬ ሸጋዬ እንግዳ እየተቀበለች የምትኖር ከሆነስ? የባልቴት ጉሮሮ ሊዘጋ ነው? ቃሏ ላይ እስክሪፕቶውን ጎተተባት፣ ሰረዛት። በቃ ተይዛለች፤ ተራው የእሱ አይደለም።

እናንተው ፍረዱ፤ ከሰው ሁሉ ይህን የሚያደርግ የግንቡ በር ሰው ብቻ ነው። ጉግል ተራ አያውቅም፤ ወረፋ የለውም፤ ትናንት የቆመውን ዛሬ ማንም ቢቀድመው ግድ የለውም። የሺዋስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ግን አንጀቱ እንቢ አለ፤ አስተዳደጉ ነው።

ሌላ ቃል ፍለጋ ተመለሰ። ስምንት ቀን ፈለገ፤ ሁለት መረጠና ገጽ ጻፈላቸው፤ አንደኛው አርባኛ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ጭራሽ አልታየም። የተያዘ ክፍል ዜሮ። የሰሊጥ ነጋዴው ሰው ልኮ ግቢውን በሜትር አስለካ።  ሚስጥር ታኅሣሥ ሲጠባ ደብተሩን ከፊቱ ሳበችና ገለበጠችው፤ ከተሰረዘችው ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መቶ አርባ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት የሚለውን አነበበች። ለምን እንደተሰረዘች ጠየቀችው። ነገራት። እሷ ጆሮዋን ማመን አልቻለችም።

«አንተ፣ ከሞተ ሰው ጋር ነው ተራ የምትጠብቀው?» አለችው።

ስለ እትዬ ሸጋዬ ነገራት፤ ስልኩ የእሷ መሆኑን፣ ምናልባት በእሱ እንደምትተዳደር። ሚስጥር ጥቂት አሰበችና እንዲያማ ከሆነ ሄደህ ጠይቃት አለችው፤ ወይ እንድትቀድመው ትፈቅዳለች፣ ወይ የሚደውሉትን እኛ እንድንቀበል ስልኩን ለእንግዳ ማረፊያው ትሰጣለች፣ ወይ እንቢ ትላለች፤ ሦስቱም ከዚህ ይሻላል። ደግማ «እኔ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ ብዬ ነው እንጂ አንተን ልጫንህ ብዬ አይደለም» አለች፤ ይህ ግን ከመጫን ሁሉ የባሰ መጫን ነበር።

ታኅሣሥ በዓታ ዕለት ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ወለቃ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ንግግሩን ሲያጠና ሄደ፤ «እትዬ ሸጋዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ የሰባት ሰው እንጀራ መሆኑን ይነግራታል። ሌላም ነገር ሆዱን ይበላው ነበር። አያ ንብረት ከሞተ ወዲህ፣ ከአርባው በኋላ፣ አንድ ቀን እንኳ ደውሎላት አያውቅም። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ሲል ወሩ አለፈ፤ ወሩ ሲያልፍ አፈረ፤ ሲያፍር ደግሞ ጭራሽ መደወል አቃተው።

እትዬ ሸጋዬ ከመንገዱ ዳር ከሸክላ ሠሪዎቹ የተረከበችውን ማሰሮና ትንንሽ የሸክላ አንበሳ ሰሌን ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። ከሉን አውልቃለች፤ ከስታለች። ስታየው ብድግ አለችና ሳመችው፤ አራት አምስት ጊዜ አገላብጣ ሳመችው። «ምነው ጠፋህ» አለችው፤ ለመውቀስ ሳይሆን እንዲሁ ሰው እንደሚለው። ዱካ ሰጥታ አስቀመጠችው። ገበያው እንዴት እንደሆነ ጠየቃት፤ ከጠዋት ጀምሮ የቆመ መኪና የለም አለችው። ለእናቱ ጤና ጠየቀችው፤ መለሰላት። ወሬው አለቀ። አሁን ይጀምራል።

ከጉያዋ ስልክ ጮኸ።

ያረጀ ባለቁልፍ ስልክ ነው። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ተነሥታ ቆመች፤ ተቀምጣ አታነሣውም። «ሃሎ» አለች። ከወዲያ አንድ የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር አለ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው «ንብረት» የሚለው ነው። እሷ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ «ንብረት ኖ። ንብረት ጎድ» አለች፤ ሰውየው የማያየውን ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ።  «ቴንኪው፣ ቴንኪው» አለችና ዘጋችው፤ ተቀመጠችና ስልኩን መልሳ ጉያዋ ከተተችው።

«አየህ አይደል» አለችው። «ሁለት ዓመት ሆነው፤ ዛሬም ይጠይቁታል። ታኅሣሥ ሲገባማ ይብስባቸዋል። አንዷ አማርኛ ትችል ነበር፤ ዐረፈ ስላት አለቀሰች።» ያዘነበለ ማሰሮ አቃናች። «እዚህ እኮ ስሙን የሚያነሣው የለም። አንተም አልደወልክ።»

የሺዋስ ምድር ጠበበችው። በደብተሩ የጻፋት መቶ አርባ ምን እንደነበረች አሁን ገባው። እነዚያ ሰዎች የሚፈልጉት አልጋ ነው፤ አያ ንብረትን አያውቁትም፣ አይተውትም አያውቁም። እሷ ግን በየወሩ ካርድ የምትሞላው፣ ከጎረቤት ሱቅ ቻርጅ የምታስደርገው ቁጥሩ እንዳይዘጋ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ አንድም እንግዳ ተቀብላ አታውቅም። እንጀራዋ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ እንጀራን ሰው ተነጋግሮ ይካፈለዋል። ስልኩን ስጪኝ ሊል ነበር የመጣው። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ላይሽ ብዬ ነው የመጣሁት የሚል ነገር ሆነ። ሸጋ አደረግህ አለችው። አንድ የሸክላ አንበሳ በግድ አስያዘችውና ሸኘችው።

ሲመለስ ሚስጥር ከበሩ ቆማ ትጠብቀዋለች። ምን አለች ብላ ጠየቀችው። የሺዋስ በሕይወቱ ብዙ የሚዋሽ ሰው አይደለም። «እሺ አለች» አላት። ሚስጥር እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋችና ደጁ ላይ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም።

በዚያው ሳምንት ገጹን ጻፈው። የእትዬ እታገኘሁን ቤት፣ ከሰገነቱ የሚታየውን፣ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ውኃው የሚኬደውን፣ ምን እንደሚለበስ፣ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው የት ቢቆም እንደማይጋፉት፣ ሰው ሊጠይቀው የሚችለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ጻፈ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የድሮ ወዳጁን ለምኖ ዋስ አገኘ፤ ከሁለት የቀድሞ እንግዶቹ ሌላ ሁለት ዋስ አገኘ። አያ ንብረት ያስተማረውን ሁሉ በአያ ንብረት ላይ አወጣው። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ እንዲህም ጠልቶት አያውቅም።

ከዚያ መጠበቁ መጣ። ጠዋት ሲነሣ፣ ምሳ ሲበላ፣ መንገድ ሲሄድ ቃሏን ይጽፍና ያያል። ሃያ ሁለተኛ። አሥራ አራተኛ። ደግሞ ሳይታሰብ ሃያኛ። ዘጠኝ። አምስት። ገጹ ከፍ ካላለ ሰባት ሰው ሊበተን ነው ብሎ ይጨነቃል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ለወለቃዋ ሴት ይጨነቃል። ለየትኛው ቢጸልይ እንደሚሻል አጣው። ሁለተኛ ሆኖ ሦስት ቀን ቆየ፤ ከላዩ አያ ንብረት ብቻ። በታኅሣሥ ገብርኤል፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ስልኩን ቢከፍት ገጹ አንደኛ ላይ ተቀምጧል። አያ ንብረት ከሥሩ ነው።

የቤቱ ስልክ በማግስቱ ጮኸ። አንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ ሁለት ክፍል ያዘ። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ ሁለት ሴቶች። ቀጥሎ እናቷን ይዛ የምትመጣ ጎልማሳ። በገና ዋዜማ የተያዘው ክፍል ስድስት ነበር። እትዬ እታገኘሁ ለነጋዴው ቤቱ እንደማይከራይ ነገሩት፤ ከዚያ ሠራተኞቹን ጠርተው መረቋቸው፤ የሺዋስን ግንባሩን ሳሙት። ዘበኛው እንኳ ሳቀ። የሺዋስም ሳቀ፤ ግን ፊቱ ብቻ ነው የሳቀው።

ሰው የማያውቀውን እሱ ያውቃል። አንደኛውን ከሚነካው ሰው ሁለተኛውን የሚነካው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ በቁጥር ያውቃል፤ ሥራው ነዋ። መቶ አርባዎቹ አሁን የት እንደሚሄዱ ያውቃል። ወለቃ ያ ስልክ ጉያ ውስጥ ዝም ብሎ እንደሚውል፣ ሴትዮዋ ተበላሽቶ ይሆን ብላ አውጥታ እንደምታየው፣ ካርዱ አልቆ ይሆን ብላ እንደምትጠይቅ ያስበዋል። ሄዶ እንዳይነግራት አፈረ፤ ዝም እንዳይል አልሆነለትም። በመጨረሻ አንድ ነገር አሰበ፤ ሞኝነት እንደሆነ እያወቀው።

ከገና በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ብቻውን ቀረ። እሷ የማታውቀውን የቤቱን ስልክ አነሣና ቁጥሩን መታ።  ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ፈረንጅ አጣሞ ጥቂት ቃል አለና «ንብረት?» ብሎ ጠየቀ።

«ንብረት ኖ» አለች።  ስታዳምጥ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«የሺዋስ ነህ?»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረው።

«ምነው፣ በአማርኛ ብትጠይቀኝ አልመልስልህም?»

ይህን ጊዜ ያ ሁሉ ያከማቸው ጭንቀት ተዘረገፈ። ወለቃ ለምን እንደመጣ፣ ምን ሊጠይቃት አስቦ እንዳልጠየቃት፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድገው ባልደረባው እሺ ብላለች ብሎ እንደዋሸባት፣ የአያ ንብረትን ገጽ እንዴት ከአንደኝነት እንዳወረደው፣ ስድስት ክፍል መያዙን፣ ስልኳ ለምን ዝም እንዳለ፣ ሁሉንም ነገራት። የደወሉት ሰዎች አያ ንብረትን እንደማያውቁት፣ ማደሪያ ብቻ ይፈልጉ እንደነበር ሲነግራት ድምፁ ተሰበረ። ይቅር በይኝ አላት። 

«ማደሪያ ፈላጊ መሆናቸውን አጥቼው መስሎህ ነው?» አለችው በኋላ። «ሃያ ዓመት ከአስጎብኚ ጋር ኖሬ? አውቃለሁ እኮ። ግን ስሙን ይጠሩታል።»

የሺዋስ ጠረጴዛውን ያዘ።

ልጆቹ፣ የዚያች የሥራ ባልደረባው ልጆች፣ ደህና ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ደህና ናቸው አላት። እግዜር ይመስገን አለች። ከዚያ ደንበኛ መጥቶባት ይሁን፣ ወይም ማውራት ከብዷት፣ ልዝጋው አለችው። ሊሰናበታት ሲል «ነገም ደውል» አለችው፤ «ግን እንደነሱ አድርገህ ጠይቀኝ፤ በአማርኛ።» ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው እሺ አላት።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደወለ። የቤቱን ስልክ አልነካም፤ በራሱ ስልክ ነበር። እንደታዘዘው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አያ ንብረት አለ?» አለ።

«የለም» አለች እትዬ ሸጋዬ። ድምፅዋ ላይ ሐዘን አልነበረበትም፤ ባሏ ለጉዳይ ከተማ እንደወረደባት ሴት ነው የተናገረችው። «ማን ፈለገው ልበል?»



«የሺዋስ» አላት። «የሺዋስ ነው የፈለገህ በይልኝ።»